ሮጠው የሚመጡ ሰዎች

ኅዳር 3

ለምወድዎ ለእትዬ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የጠነከረ ሆኖ ያግኝዎ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬም ያው ነው፤ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ስተኩስ እውላለሁ። በስልክ ባወራዎት ደስ ባለኝ ነበር። ግን ጆሮዎ በስልክ አልሰማ ካለዎት ወዲህ «ደህና ነኝ! ደህና ነኝ!» ብለው ጮኸውብኝ ስለሚዘጉት፣ ወረቀት ይሻለናል ብያለሁ።

አንድ ነገር ልንገርዎ፣ አይሳቁብኝ። ሩጫ ጀምሬያለሁ።

አዎ፣ እኔው ነኝ። ደረጃ ስወጣ መሐል ላይ ተቀምጬ የማርፈው የእህትዎ ልጅ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ የምጠብቅበት ቦታ አጠገብ ማክሰኞ ማክሰኞ ቱታ የለበሱ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ስፖርተኞች ናቸው ብዬ ትቻቸው ነበር። አንድ ቀን ግን አካፋ ይዘው ሲሮጡ አየሁ። አካፋ ይዞ የሚሮጥ ሰው አይቼ ስለማላውቅ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። መሪያቸው አስተማሪ ናት፤ አንገቷ ላይ ፎጣ ጠምጥማ «ምን ታይኛለሽ? አንድ ሰው ጎድሎናል፣ ነይ» አለችኝ።

ሄድኩ። በሥራ ጫማዬ። ሮጠን አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ጓሮ ደረስን፣ አፈር ቆፍረን አትክልት ተከልን፣ ከዚያ ሮጠን ተመለስን። በቃ፣ ሥራቸው ይኸው ነው። አንዳንዴ አጥር ይቀባሉ፣ አንዳንዴ አቅም ላጣ ሰው ዕቃ ያወርዳሉ፤ ገንዘብ የሚባል ነገር የለበትም። አስተማሪዋን «በእግራችሁ ሄዳችሁ አትሠሩም እንዴ? ምን አስሮጣችሁ?» አልኳት። «ሩጫው ብቻ ቢሆን ይሰለቸንና እንቀር ነበር። ሥራው ብቻ ቢሆንም እንቀር ነበር» አለችኝ።

በማግስቱ መተኮሻው ፊት መቆም አቅቶኝ ነበር። በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን ቀድሜያቸው ተገኘሁ።

እግርዎን ከእንቅፋት፣ ቤትዎን ከክፉ ይጠብቅልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 11

ለእህቴ ልጅ፣ ላሳደግኩሽ፣

ያለሽበት ቦታ ሁሉ ፊቱን ያብራልሽ። አይሳቁብኝ ብለሽ ነበር፤ ገና እዚያ ላይ ስደርስ ነው የሳቅኩት። ልብስ ሰፊው ጎረቤቴ ምን ሆነው ነው ብሎ በአጥር አናት ብቅ አለ። ደብዳቤሽን አነበብኩለት፤ እሱም ገብቶ አልጋ ላይ ለምትውለው እናቱ አነበበላት። እሷ ግን አልሳቀችም። «ጎበዝ ናት» ብላለች፤ ላድርስ።

እዚህም እንደናንተ ያሉ ጉዶች አሉልሽ። ቅዳሜ ሲነጋ በመስኮቴ ስር ፊሽካ እየነፉ ያልፋሉ። መሪያቸው ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ነው፣ «ፊሽካው» ነው የሚሉት። እናቱን ሁለት ቀን አስጨንቆ በእግሩ ቀድሞ የወጣ ልጅ ነው፤ እኔ ነኝ የተቀበልኩት። ለካ ያኔውኑ ለሩጫ ቸኩሎ ኖሯል። አሁን ጎልምሶ ከነግብረ አበሮቹ እንቅልፌን ይቀማኛል። ከመካከላቸው ግማሾቹን ያዋለድኩ እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ላብ የትም ሲያፈሱት ሳይ ቆሽቴ ያርራል። ያንቺዎቹ ቢያንስ አካፋ ይዘዋል።

አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። ስለ ባልሽ አንድ መስመር አልጻፍሽም። ሰላምታውን እንኳ አላደረስሽም። ሥራ በዝቶበት ነው?

ለእኔ ምንም አትላኪ፤ ምንም አልጎደለኝም። የምፈልገው ወሬ ነው። ደህና ጫማ ግዢ፤ በሥራ ጫማ የሮጠች ሴት ያበጠ ቁርጭምጭሚት አይቼ አውቃለሁ።

አክስትሽ


ጥር 16

ለምወድዎ ለእትዬ፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ለልብስ ሰፊው እናት ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ጫማ ገዝቻለሁ።

አሁን ደግሞ የራሴ ሰው ተሰጥቶኛል። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶች ጋ ከቡድኑ አንድ አንድ ሰው በየሳምንቱ ሮጦ ይሄዳል፤ ጥቂት ተጫውቶ፣ የቸገረ ነገር ካለ አግዞ ሮጦ ይመለሳል። የእኔ ሰው ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው። ቤታቸው የሕንፃው የመጨረሻ ፎቅ ላይ ነው፣ አሳንሰሩ ተበላሽቶ ቀርቷል። የመጀመሪያ ቀን ላቤን እየጠረግኩ አንኳኳሁ። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ገርበብ አደረጉና በአንድ ዓይን አዩኝ።

«ማን ነሽ?»

«ሯጯ ነኝ።»

«ዘግይተሻል።»

«ቀጠሮ እኮ አልነበረንም አባቴ።»

«ሰባት ሰዓት ላይ አንዲት ሴት ከድልድዩ ወዲህ ስትጎተት በመስኮት አይቻለሁ። አንቺ ነሽ። እንዲያ ነው የሚሮጠው?»

እንግዲህ አሠልጣኝ ሆኑኝ ይበሉ። ሰንሰለቱን የፈቱት በሦስተኛው ሳምንት ነው። አሁን በየሳምንቱ መስኮቱ ላይ ሆነው ያዩኛል፣ እንደገባሁ ዳገቱ ላይ እጄን እንዴት እንደማወዛውዝ ይነቅፉኛል፣ ከዚያ ያረጀ የግድግዳ ሥዕል አሰቅለውኝ ጠማማ ነው ብለው እንደገና ያስወርዱኛል። ሲቆጡ እርስዎን ይመስላሉ። ከእሳቸው ቤት ስወጣ እየሳቅኩ ነው የምሮጠው።

ባለቤቴ ደህና ነው። የሌሊት ፈረቃ ስለሆነ ብዙም አንገናኝም። ሰላም ብሎዎታል።

ዕድሜ ይስጥልኝ። ስለ ራስዎ ደግሞ ትንሽ ይጻፉልኝ፤ የእርስዎ ደብዳቤ ስለ ሰው ሁሉ ያወራል፣ ስለ እርስዎ ግን ዝም ይላል።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 22

እትዬ፣

ምነው ጠፉ? ደብዳቤዬ አልደረሰ ይሆን ብዬ ይህን ደገምኩ። ስልክ ብደውል አይነሳም። ቅር ያሰኘሁዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ። አንዲት መስመር ትበቃኛለች።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 19

ለእህቴ ልጅ፣

ልብሽን ያሳርፍልሽ። ምን ያሯሩጥሻል? ብዕሩ ነጥፎ፣ ፖስታ ቤቱም ርቆ፣ እንዲያው ዛሬ ነገ ስል ነው። ስልኩም ተበላሽቷል። አሁን ሁሉም ደህና ነው።

ይልቅ የሰፈሩን ጉድ ስሚ። ያለ ወቅቱ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ጣለና ቦያችን ሞልቶ ልብስ ሰፊው ቤት ገባ። እናቲቱ የተኛችበት አልጋ እግሩ ውሃ ውስጥ ቆሞ አገኘኋት። «ጀልባ ላይ ነኝ» ብላ ቀለደች። ይህ እንግዲህ የአንድ ቀን ዝናብ ነው። ክረምቱ ሲመጣስ? ቦዩ ከላይ እስከ ታች በአፈርና በቆሻሻ ተደፍኗል። ለከተማው ጽሕፈት ቤት አመለከትን፤ ሁለት ሰዎች መጥተው አይተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ቅዳሜ ማለዳ ተነስቼ መንገዱ መሐል ቆምኩ። ፊሽካው ከነጭፍሮቹ ሲመጣ ከዘራዬን ወደ ፊቱ ዘረጋሁበት።

«እትዬ፣ ምነው? ይለፉ እንጂ» አለኝ፣ ባለበት እየዘለለ።

«እኔ የትም አላልፍም። እናንተም አታልፉም።»

«ምን አጠፋን?»

«ምንም። ገና ምንም ስላልሠራችሁ ነው» አልኩት። «ይህን ጉልበት ሁልጊዜ ወዴት ነው ይዛችሁት የምትሄዱት?»

አንዱ ረጅም «ለውድድር እየተዘጋጀን ነው፣ ሰውነታችን ይቀዘቅዛል» አለኝ። ይህኛውንም አውቀዋለሁ፤ ሲወለድ አላለቅስ ብሎ በጥፊ ያስለቀስኩት ነው። ይህንኑ በሰው ፊት ነገርኩት። ሳቁ። ሰው ሲስቅ ልቡ ይከፈታል። ወደ ልብስ ሰፊው ቤት አስገባኋቸውና ግድግዳው ላይ ውሃው የደረሰበትን አሳየኋቸው፣ እናቲቱንም ሰላም አስባልኳቸው። የእህቴ ልጅ ባለችበት አገር ሰዎች ሮጠው ሄደው ሠርተው ሮጠው እንደሚመለሱ ነገርኳቸው። ስምሽ እዚህ ታውቋል።

ረጅሙና ሌሎች ጥቂቶች «እኛ ሯጮች እንጂ የቀን ሠራተኞች አይደለንም» ብለው ሄዱ። ፊሽካው ግን ሱቁን ከፍቶ አካፋና ዶማ አመጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳገቱን ሮጠው ወጥተው ቦዩ ላይ ይወርዳሉ። ሴቶቹ ከወንዶቹ ይብሳሉ፤ አንዷ ፀጉር ሠሪ ስትቆፍር ብታያት ያስፈራሻል።

የቀረን ከእንጨት ነጋዴው ግቢ ፊት ለፊት ያለው ነው። ጣውላውን ቦዩ ላይ ከምሮበታል። ሄጄ ለመንኩት። «ቦዩ የእኔ ነው?» አለኝ። «ቦዩስ የሁላችንም ነው፣ ጣውላው ግን ያንተ ብቻ ነው» አልኩት። በሩን ዘጋብኝ። አልተውኩትም፤ እመለስበታለሁ።

ምንም አትላኪ ብዬሽ ነበር። አሁን ላኪ። ወፍራም የሥራ ጓንት፣ የቻልሽውን ያህል። የልጆቹ እጅ ተላልጦ አለቀ።

አክስትሽ


ግንቦት 25

ለምወድዎ ለእትዬ፣

ጓንቱ በፖስታ ተልኳል። ወሬውን ለቡድናችን ሳወራ አስተማሪዋ አላስጨረሰችኝም፤ ሁሉም ተረባርበው ገዝተው ሳጥን ሞሉልዎት። በርትተው ይቆፍሩ ብለዋል።

አሁን ግን እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ትልቅ ሰው ያናግሩኝ።

ባለፈው ሳምንት ወደ ባቡር ነጂው ሮጥኩ። ከድልድዩ ላይ ቀና ስል መስኮቱ ላይ የሉም። ሮጬ የማላውቀውን ያህል ሮጥኩ። ባንኳኳ መልስ የለም፣ ብጣራ መልስ የለም። ከታች ያለችው ጎረቤት መለዋወጫ ቁልፍ ነበራትና ከፈትን። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ በጎናቸው ወድቀዋል። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ናቸው። ሲያዩኝ ያሉትን ልንገርዎ? «ዘግይተሻል» አሉኝ። ከዚያ እጄን ይዘው እንደ ልጅ አለቀሱ። ዳሌያቸው ተሰብሯል፣ እኛው ሆስፒታል ነው የተኙት፤ ይድናሉ ተብሏል።

ቤቴ ገብቼ ደብዳቤዎን እንደገና አነበብኩት። «ከዘራዬን ዘረጋሁበት» ይላል። እትዬ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ከዘራ የያዙት? ያን ሁሉ ጊዜ የጠፉት ብዕር ነጥፎ ነው? ሰውን ሁሉ ሮጠው የሚደርሱለት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ጋስ ማን ሮጦ ይመጣል?

እውነቱን ይጻፉልኝ፣ እለምንዎታለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ሐምሌ 8

ለእህቴ ልጅ፣

ለባቡር ነጂው ምሕረቱን ያውርድላቸው። ለላኪዎቹም እጃችሁ አይድከም በይልኝ። ጓንቱ የደረሰው በደህና ቀን ነው፤ የሆነውን ስሚ።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን። የካቲት ላይ ልብስ ሳሰጣ ግቢው ውስጥ አዳልጦኝ ወደቅኩ። መነሳት አቃተኝ። ጮህኩ፤ ሁሉም ሥራ ሄዷል። የሰማችኝ አንድ ሰው ብቻ ናት፣ የልብስ ሰፊው እናት። ከአልጋዋ መውረድ የማትችለዋ ሴት በግድግዳው ድምፄን ሰምታ፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ በመስኮት ስትጮህ አላፊ አግዳሚው ልጇን ጠራላት። ዳሌዬ አልተሰበረም፣ ተሰነጠቀ ነው ያሉኝ። ሐኪም ቤት ተኛሁ። ከዘራው ከዚያ ወዲህ ነው። ሰው ሲያምጥ «አይዞሽ፣ ጩሂ» ስል የኖርኩ ሴት፣ ለአንቺ መጮህ አፈርኩ። ይኸው ነገርኩሽ።

ስለዚህ ቦዩን ይዤ ሙጭጭ ያልኩት ለጽድቅ አይደለም። ያቺ ሴት ጮሃልኛለች፤ ውሃ ሲወስዳት ቆሜ ልመልከት ነው?

ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። ሌላው ቦይ ተጠርጓልና ውሃውን እየጎረሰ ያሳልፋል፣ ጣውላው ጋ ሲደርስ ግን ታነቀ። ተመልሶ ወደ እኛ መጣ። ልብስ ሰፊው ገበያ ነው። እኔ በከዘራ እናቱ ደጃፍ ስደርስ ውሃው ጉልበቴን አልፏል። ፊሽካው ከሱቁ አይቶኝ ዝናቡ መሐል ቆሞ ፊሽካውን ነፋ። ደጋግሞ ነፋ። የእኔ ልጅ፣ ከየት እንደመጡ እንጃ! ፀጉር ሠሪዋ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ ሌላው አስፋልት አቋርጦ፣ ያ «ሯጮች ነን» ያለው ረጅሙ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰ።

«ከነፍራሹ አንሷት!» አልኩ። «ራሷን ከፍ! አትቸኩሉ፣ አንድ ላይ፣ አሁን!» ከነፍራሿ አንስተው ከፍ ወዳለው ወደ እኔ ቤት ይዘዋት ወጡ። ረጅሙ ራስጌዋን ይዟል። እሷ ዓይኗን ጨፍና «ቀስ በሉ፣ እኔ ውድድር የለብኝም» ትላለች።

የቀሩት ጣውላው ላይ ሰፈሩበት። ነጋዴው ጃንጥላ ይዞ እየጮኸ ወጣ። «ንብረቴን! ፖሊስ እጠራለሁ!» ሲል ከኋላው የመጋዘኑ በር ተበረገደና የራሱ እንጨት ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ወጣ። ጃንጥላውን ጣለው፣ ጫማውን አወለቀ፣ ገባ። ፀጉር ሠሪዋ አንድ ጥንድ ጓንት ወረወረችለት። ዝናቡ ሳያባራ ቦዩ ተከፈተ፤ ውሃው እንደ ከብት እያጓራ ወረደ። ሁለት ቤት ረጥቧል፣ ሰው ግን አልተነካም።

እኔ የደበቅኩትን አወጣሁ። አሁን ተራው ያንቺ ነው። የሌሊት ፈረቃ ያልሺኝን ያን ዕለትም አላመንኩሽም።

አክስትሽ


ነሐሴ 14

ለምወድዎ ለእትዬ፣

አምስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ይህኛውን እልከዋለሁ።

ባለቤቴ ከሄደ ዓመት አልፎታል። ጠብ አልነበረም፤ አንድ እሑድ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ «ከዚህ በላይ አልችልም» ብሎ ወጣ። እርስዎ ሲድሩኝ የተደሰቱትን ሳስበው ልነግርዎ አልቻልኩም። ሩጫ ስጀምር አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነበር ያልኩዎት ውሸት ነው። አውቶቡሶቹን እያሳለፍኳቸው ነበር። ባዶው ቤት መግባት እየከበደኝ እዚያ ቆሜ አመሽ ነበር። አስተማሪዋ «አንድ ሰው ጎድሎናል» ስትለኝ እኔን ፈልጎኝ የጠራኝ ሰው ካገኘሁ ቆይቼ ነበር። ለዚህ ነው በሥራ ጫማ የሮጥኩት።

አሁን አስቤበታለሁ። ሥራዬን ልልቀቅና ልምጣ። እርስዎን ልንከባከብ። ዳሌዎ እንዲያ ሆኖ ብቻዎን መኖር የለብዎትም። እዚህ የሚያቆየኝ ነገር የለም። እሺ ይበሉኝና ትኬት ልቁረጥ።

የእህትዎ ልጅ


መስከረም 9

ለእህቴ ልጅ፣ ለልቤ፣

ቁስልሽን ፈጣሪ በራሱ እጅ ያድርቅልሽ። አለቀስኩልሽ። ለምን አልነገርሺኝም አልልሽም፤ ውድቀቴን ደብቄ የከረምኩ ሴት ምን አፍ አለኝ? እሱ የሄደው በራሱ እግር ነው፣ አንቺ ያጎደልሽው የለም። የድግሱን ቀን ደስታዬን እርሺው። እኔ የተደሰትኩት በአንቺ ነው፤ አንቺ ደግሞ አለሽልኝ።

እሺ በይኝ ላልሽው ግን እሺ አልልሽም።

እኔን ለመንከባከብ አትምጪ። ሰበብ አታድርጊኝ። ሰው ሸሽቶ ሲመጣ የተጠጋበትን ቦታ ያበላሸዋል፤ የምታጥቢኝ የምታበይኝ ስትሆኚ ሁለታችንም እንበሳጫለን። እዚህ የሚያቆየኝ የለም ትያለሽ። የባቡር ነጂውን መስኮት ማን ቀና ብሎ ያያል? ጓንት ሲባል ሳጥን የሞሉት ሰዎች የማን ሰዎች ናቸው? አገርሽ ለመግባት አምሮሽ ከሆነ፣ ለራስሽ ኑሮ ከሆነ፣ ቤቱ ያንቺ ነው፣ ዛሬውኑ ነይ። ብቻ አስቢበት።

«እርስዎ ጋስ ማን ሮጦ ይመጣል?» ብለሽኝ ነበር። ረቡዕ ረቡዕ ረጅሙና ፀጉር ሠሪዋ ሮጠው ይመጣሉ። ሐኪሙ ተራመጂ ስላለኝ እየደገፉ ያራምዱኛል። እንደ ኤሊ ስሄድ ረጅሙ ጎኔ ያዛጋል፤ «ሂድ፣ ሩጥ!» እለዋለሁ፣ አይሄድም። ትናንት እስከ ነጋዴው ግቢ ደርሼ ተመለስኩ። ነጋዴው ወንበር አውጥቶ አስቀምጦልኛል። አልተቀመጥኩም፤ በልቤ ግን ተቀበልኩት።

የልብስ ሰፊው እናትም የቡድኑ አባል ናት። መስኮቷ ስር የሚያልፈውን ሁሉ ታውቃለች፤ ብቸኛ ከሆኑት አንዱ ቀኑን ሙሉ ብቅ ካላለ ለፊሽካው ትደውላለች። ያልሮጠ አባል አይሆንም ያለ ነበር፤ ረጅሙ ራሱ ነው «እሷማ ቀድማናለች» ብሎ ያስቆመው።

አክስትሽ


ጥቅምት 20

ለምወድዎ ለእትዬ፣

ያበረታዎትን ያህል ያበርታኝ። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር። ሁለት ቀን በሆዴ ስሟገትዎት ቆየሁ። ከዚያ ማክሰኞ ሆነና ሮጥኩ፤ ስመለስ ንዴቴ የለም።

ልክ ነዎት፣ እየሸሸሁ ነበር። ባለሁበት ልቆይ ወሰንኩ። የቤቱን የግድግዳ ቀለም ቀየርኩት፣ ቡድኑ በሙሉ መጥቶ ነው የቀባልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስገባ ባዶ አይመስለኝም። አስተማሪዋ በእኔ ሰፈር ሌላ ቡድን እንዲጀመር ትፈልግ ነበር፤ እኔ ልምራው ብያታለሁ። የመጀመሪያ ቀን የመጡት አራት ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ተሳስቶ ነው የመጣው። ግን እስካሁን አለ። ባቡር ነጂው ምድር ቤት ወዳለ ክፍል ተዛውረዋል። አሁን መስኮቱ ላይ ሳይሆን በራፉ ላይ ቆመው ነው የሚቆጡኝ።

የዓመት ፈቃዴ ሙሉ ወር ነው፤ ወስጄዋለሁ። ልንከባከብዎ አይደለም፣ ላይዎት ነው። የምደርሰው ቅዳሜ ማለዳ ነው። ልንቀበላት ብላችሁ ሩጫውን እንዳታስቀሩ፣ እርስዎም ቤት ቁጭ ብለው እንዳይጠብቁኝ። ሻንጣዬን ደጃፍዎ ላይ አስቀምጬ ቦዩ ጋ አገኛችኋለሁ።

የእህትዎ ልጅ